የአንጋጫው ቅርፊት

ፖሊሶች ሆሳዕና ከተማ ቤቴ መጥተው ሲይዙኝ ደብተሬንና ከአንጋጫ ያመጣሁትን የደረቀ የዛፍ ቅርፊት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ወሰዱ። ስለታሰሩ ባልደረቦቼ በመምህራን ስብሰባ ላይ በመጠየቄ መስሎኝ ነበር። መርማሪው ግን ስብሰባውን አላነሳም። በደብተሬ ለናሙናዎቹ የሰጠኋቸውን ቁጥሮች እያሳየ፣

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለኝ።

«ሰዎች አይደሉም፤ ቅርፊቶች ናቸው። የካንሰር መድኃኒት ይገኝባቸው እንደሆነ እያጠናሁ ነው።»

አላመነኝም።

የሴቶቹ ክፍል ወለል እርጥብ ነበር፤ በረኪና ይሸታል። ውስጥ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ብቻ ነበሩ። ከፎንቆ ነኝ አሉኝ። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው «በልጄ ምክንያት» አሉኝ። እኔም ለካንሰር መድኃኒት በማጠናው የዛፍ ቅርፊት ምክንያት እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። ዛፉ የት ይበቅላል? ማን አሳየሽ?

ለመገላገል ያህል «ወንዝ ዳር» አልኳቸው።

በማግስቱ መርማሪው «ወንዝ ዳር ከማን ጋር ነበር የምትገናኙት?» አለኝ። ስለ ወንዙ ከሴትዮዋ ሌላ ለማንም አልነገርኩም። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ፍራሼን ወደ በሩ ሳብኩና ጀርባዬን ሰጠኋቸው። የሰጡኝን ዳቦም አልነካሁም።

ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ተናገሩ።

«ጠይቂያት ብለውኝ ነው። ሐኪም ቤት እንወስድሻለን አሉኝ።»

«ሐኪም ቤት ምን ያደርግልዎታል?»

እጄን ያዙና ከነጠላቸው ስር ጡታቸው ላይ አደረጉት። እንደ ባቄላ የጠጠረ ነገር ነበር። «ለራሴም ብዬ ነው የጠየቅኩሽ» አሉ። «ቅርፊቱን አፍልቼ ብጠጣው ያድነኛል?»

«አይጠጡት። ገና መድኃኒት አልሆነም። ብልቃጥ ውስጥ የካንሰሩን ሕዋስ ገደለ፤ ጤነኛውንም ገደለ። የሚጎዳውን ከሚያድነው ለመለየት ዓመታት ይፈጃል። እርስዎ አሁኑኑ መታየት አለብዎት።»

ከዚያ የዛፉን ስም፣ ቦታውን፣ ቅርፊቱን በአልኮል እንዴት እንደምዘፈዝፈው፣ ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስኪይዙት ድረስ አስደገምኳቸው።

«ይህን ሁሉ ልንገራቸው?»

«ይንገሯቸው። ብቻ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ይበሏቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ጠሯቸው። አልተመለሱም።

ከተፈታሁ በኋላ ፎንቆ ሄጄ አጠያየቅኩ፤ የሚያውቃቸው ሰው አላገኘሁም። ምናልባት የፎንቆ ሰው አልነበሩም። ልጅም አልነበራቸው ይሆናል። ስለ እሳቸው እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ቢኖር ሕመማቸው ብቻ ነው፤ ለሱ ደግሞ የማውቀውን አልደበቅኩም።