ቀጭኔ እንዳይነሳ

እህቴ ላውንድሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስታቃና ትውልና ቤቷ ገብታ ከሙታን ጋር ትዋጋለች። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። እኔም እስቅ ነበር፤ ያን እሁድ ከሰዓት አጠገቧ እስክቀመጥ ድረስ።

የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ የባሏ። ኤሌክትሪሻን ነበር፤ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ቀጭኔ ይለው ነበር። ላፕቶፑ ውስጥ ቅጥረኛ ተዋጊዎች ሰብስቦ ከከተማ ከተማ ያዞራቸው ነበር። ውጊያው በየተራ ነው፤ እነሱ ይንቀሳቀሳሉ፣ ከዚያ ጠላት ይንቀሳቀሳል። ተዋጊዎቹን የጠራቸው በእኛው ቅጽል ስም ነው። ራሱ ቀጭኔ፤ ሚስቱ፣ አጭሯ እህቴ፣ ድንቢጥ፣ ጋሻ ያዥ። እኔን ለፍላፊዋ ብሎ ረጅም ጦር አሸክሞኛል። ነፍሱን ይማረውና፣ ምላስሽ ከሚዋጋ ጦርሽ ይሻላል ይለኝ ነበር።

ጨዋታውን ሲጀምር ከባዱን መንገድ መርጧል፤ የሞተ ሞተ ነው፣ ወደኋላ ተመልሶ እንደገና መሞከር የለም። ታሞ ከተኛ በኋላም አልጋው ላይ ሆኖ እህቴን ያስተምራት ነበር።

"ሙታን አይደክማቸውም፣ አይፈሩም" ይላታል። "ስለዚህ አትሩጪባቸው። ጋሻ ከፊት፣ ጦር ከኋላ አሰልፊና ይምጡልሽ። የደከመውን እያወጣሽ ያረፈውን ተኪ። ከሁሉም ግን ሙታን ሳቢውን ፍሪው። ሩቅ ቆሞ የወደቀውን ሁሉ ያስነሳል፤ የራስሽንም ሰው አስነስቶ ይልክብሻል። ሬሳው ላይ ሰው ከቆመ ብቻ ነው የማይችለው።"

ሆስፒታል የሞተ ቀን፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ እህቴ ማየት አቃታት። ኮሪደር ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስትመለስ አልፏል። ከዚያ በኋላ አፏን በከፈተች ቁጥር "ብቻውን ጥዬው ወጣሁ" ነው። የምናጽናናበት ቃል አለቀብን።

ጨዋታውን የቀጠለችው ያኔ ነው። ቀጭኔ እዚያ ውስጥ በሕይወት አለ፤ ቆቡን አድርጎ፣ ጎራዴውን ይዞ። እንዳይሞትባት ፈርታ ሁልጊዜ ከሰልፉ ኋላ ጥግ ታቆመዋለች። ሌሎቻችን ደማችን እየፈሰሰ እሱ የሠርግ እንግዳ ይመስል ቆሞ ያያል።

"በቁሙ እንዲህ ተንከባክበሽው አታውቂም" ብያት አልሳቀችም።

ያን እሁድ የድሮ መቃብር ስፍራ ከሙታን እንድናጸዳ ተቀጥረን ገባን። ገባን እላለሁ፤ ጦሬ ከፊቴ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፣ የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ያጓራል፣ ስክሪኑን ጉም ሸፍኖታል። መጀመሪያ አጥንቶቹ መጡ። እህቴ እንደተማረችው ጋሻዎቹን አጋጥማ ጠበቀቻቸው፤ ሰልፉ ያዘ።

ከዚያ መናፍስቱ መጡ። እነሱን ጋሻም አያግዳቸው። በላያችን አልፈው ከኋላ ሆነው ይጮሃሉ፤ ያን ጩኸት የሚቋቋመው ወኔው የጠና ሰው ብቻ ነው። ወኔ የሚጠናው ደግሞ በመዋጋት ነው። እህቴ የደበቀችው ቀጭኔ ስንት ጊዜ ሙሉ ጎራዴውን አልመዘዘም።

ጮሁበት። ወኔው ከዳውና ከጥጉ ወጥቶ ሮጠ፣ የሮጠውም ወደ ሙታኑ ነው። በመጀመሪያው ምት ወደቀ።

"ዝጊው!" አልኳት። "እትዬ፣ በናትሽ ዝጊው!"

"ብዘጋውም ያው ነው።" ድምጿ አልወጣም ማለት ይቻላል። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ አንድ ጥቁር ካባ የለበሰ አሳየችኝ። ሙታን ሳቢው እጁን አነሳ፤ እኛ የጣልነው አጥንት ተገጣጥሞ ቆመ። "ቀጥሎ እሱን ነው የሚያስነሳብኝ። ፊቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ምን አድርጌ ነው የምወጋው?"

እኔ ጨዋታ ነው የምል ሴትዮ፣ ያ ረጅም ሰው ተነስቶ ወደ እኛ ሲራመድ ታየኝና ወንበሬን ወደኋላ ሳብኩ።

የእኛ ተራ ደረሰ። እህቴ ድንቢጥን ከሰልፉ አውጥታ ወስዳ ሬሳው ላይ አቆመቻት።

"ሰልፉን ከፈትሽው እኮ! ይከቧታል፣ ትሞታለች!"

"ትሙት። አንቺ ዙሪና ሙታን ሳቢውን ያዢው።" ማውሱን ወደ እኔ ገፋችው። "ጦሩ ያንቺ አይደል?"

ለፍላፊዋን በድንጋዮቹ ዙሪያ አስኬድኳት። ድንቢጥን በየተራው ይመቷታል። የድንቢጥ ተራ ሲደርስ እህቴ ማውሱን ትቀበለኝና ጋሻውን ታነሳለች፤ ከቦታው ግን አታንቀሳቅሳትም። ጋሻው ተሰነጠቀ። ሙታን ሳቢው እጁን ወደ ቀጭኔ ዘረጋ፣ ምንም አልሆነም፤ ድንቢጥ ቆማበታለች። እኔ ወጋሁ፣ ሳትኩ። እህቴ አልተቆጣችም፤ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ደግሜ ወጋሁ። ካባው መሬት ላይ ተጨማደደ፣ ያስነሳቸው ሁሉ አብረውት ወደቁ።

ከተረፉት መሃል ድንቢጥ ነበረች፤ ቆስላ፣ ያለ ጋሻ። ከሞቱት መሃል ቀጭኔ። እህቴን እቅፍ አደረግኳት፤ ሸሚዟ በላብ ረጥቧል። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ስክሪኑን ቀስ ብላ ከደነችው።

"አየሽ አይደል?" አለችኝ። "አሁን ጥዬው አልወጣሁም።"