ከፍልሰታ እስከ ሆሳዕና

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቁምስናችን ወጣቶች ጠሩኝ። በዐቢይ ጾም በየሳምንቱ አንድ ትልቅ ሰው እየጋበዙ የድሮውን ይሰማሉ፤ ተራው የኔ ሆነና አዳራሹ ውስጥ ወንበር አወጡልኝ። ወሬ እንደምወድ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። በእኛ ጊዜ ሆሳዕና ሲደርስ ወደ ጀማ በረሃ ወርደን ዘንባባ እንደምናመጣ፣ ዳገቱን እየዘመርን እንደምንወጣ፣ አንድ ዓመት ደግሞ እኔ ከሁሉ የበለጠ ነጭ ዘንባባ ይዤ ገብቼ ቄሱ እንዳመሰገኑኝ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ አጨበጨቡልኝ። ቤቴ ገብቼ የሽሮ ድስቴን ከፈትኩና መልሼ ከደንኩት። የነገርኳቸው ሁሉ እውነት ነው። ግን ግማሹን ነው የነገርኳቸው፤ ዋናው የቀረው ግማሽ ነው።

ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዓለም ከተማ ዳር ላይ ቆርቆሮ የለበሰች ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበረችን። ምእመኑ ተጠራርቶ ቢመጣ እንኳ ሁለት ተርታ አግዳሚ አይሞላም። አባቴ ሚሲዮኖቹ ክሊኒክ ሲያሠሩ በአናጢነት ከሌላ አገር መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሶች ስለነበሩ እኛን "የሚሲዮን ልጆች" ይሉናል። ለክፋት አይደለም። በዓሉ አንድ፣ ቅዳሴው ግእዝ፣ ልቅሶውም ሠርጉም የጋራ ነበር። ልጆች ሲጣሉን ብቻ ነው "እናንተ ጾም ታፈርሳላችሁ!" የሚሉን፤ እኛም ድንጋይ እናነሣለን።

ወጣቶችን የሚያስተምሩን ካቴኪስቱ ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ዓመቱን በበዓላት ከፋፍለው ለእያንዳንዱ የምንሠራው ሥራ ይሰጡናል። ለልደት መዝሙር እናጠናለን፤ በጾሙ በየዓርቡ ፍኖተ መስቀል እንመራለን፤ በፍልሰታ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እናርማለን። ለሆሳዕና ዘንባባ ማምጣት ደግሞ የሴቶቹ ድርሻ ነበር። እኛ ዘንድ ዘንባባ የለም፤ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ በማለዳ ተነሥተን ቁልቁለቱን እንይዘዋለን።

ያን መንገድ አሁንም በእግሬ አስታውሰዋለሁ። ስትነሺ ብርድ ነው፤ ጋቢ ያስፈልግሻል። ገደሉን ስትጀምሪ ጋቢውን ትከሻሽ ላይ ትጥይዋለሽ፤ ከግማሹ በታች ጭራሽ ሸክም ይሆንብሻል። አፈሩ ይቀላል፣ ንፋሱ ይሞቃል፣ የግራር ሽታ ይመጣል። ስንቄ ሁልጊዜ የገብስ በሶ ነበር፤ እናቴ ሌላ ስንቅ አታምንም። ጓደኛዬ ወርቄ ዳቦ ቆሎ ትይዛለች። ወርቄ ድምፀ መልካም ናት፤ በሰልፉ ፊት የምትዘምረው እሷ ናት፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነው። እወዳታለሁ፤ ግን በዚያ ዓመት፣ እውነቱን ልናገር፣ አንድ ቀን እንኳ እኔን ቢያዩኝ ብዬ ነበር የወረድኩት።

ዘንባባው ያለው እማማ ዘነቡ ግቢ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሰሌን እየሠሩ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከቤታቸው በታች ባለችው ምንጭ ዳር ሦስት ዘንባባ ነበራቸው፤ ባላቸው የተከሏቸው። ስንደርስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይጎነጉናሉ።

"እናንተ ደግሞ ሆሳዕና አላችሁ?" አሉን እጃቸው ሳይቆም።

"አለን እንጂ እማማ፤ ያው የእናንተው ነው" አለች ወርቄ።

"ዘንባባውስ የማን ነው?"

"እሱም የእናንተው ነው" አልኳቸው እኔ።

ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው ይጠፋል። የማሽላ ቂጣ ቆርሰው ሰጡን፤ ከእናቴ በሶ ላይ ደግሞ ዘግነው ቀመሱና "ወይ የመንዝ ገብስ! ይሄን በልተሽ ነው እንዲህ የቀላሽው?" አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ዛፎቹን አሳዩን።

"ከዳር ከዳር ያለውን ቁረጡ። መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የወጣውን ነጩን እንዳትነኩብኝ። እሱ ልቡ ነው፤ ልቡን ከቆረጣችሁት ዛፉ ይሞታል።"

በደንብ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አላውቅም፤ ዛሬም አልልም።

ሁለቱ ዘንባባዎች ረጃጅም ነበሩ። ሦስተኛው ከጎረቤት የማሽላ እርሻ ወሰን ላይ የቆመ አጭር ዛፍ ነው፤ በእጅ ይደረሳል። ወርቄና ሌሎቹ ወዲያኛው ጋ ሲንጫጩ እኔ ወደዚህኛው ሄድኩ። ልቡ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ያን ይዤ ብገባ አልኩ በሆዴ። ደግሞ ዛፍ አውቃለሁ መስሎኛል። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ቆርጠሽው በዓመቱ አራት ሆኖ ይነሣል፤ አባቴ ስንቴ ሲቆርጥ አይቻለሁ። ይሄም ያቆጠቁጣል፣ አሮጊቷ ስለሚሳሱለት ነው እንጂ ብዬ ማጭዴን ከሥሩ ድረስ አስገባሁት። ለስለስ ብሎ ተቆረጠ። ከግርጌው የቀረውን ነጭ ሥጋውን በላሁት፤ ርቦኝ ነበር። ጥሬ ለውዝ ለውዝ ይላል። ክፍተቱን በዳር ቅጠል ሸፋፍኜ ነጩን ከእሽጌ መሃል ደበቅኩት።

በማግስቱ የሆነውን ለወጣቶቹ ነግሬያቸዋለሁ። ቀጫጭን አድርጌ ሰንጥቄ በመስቀል ቅርጽ ጎንጉኜው ነበር፤ የሁሉም አረንጓዴ ሆኖ የኔ ብቻ ነጭ። አባ ኪዳኔ፣ ቆሞሳችን፣ በሰልፉ መሃል ቆም ብለው "ይህችስ እንደ መላእክት ናት!" አሉ። ወርቄ እንኳ ዞራ አየችኝ።

ክረምት ገባ። በፍልሰታ ጾም አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ ወጥተን ሳለ እማማ ዘነቡን አገኘናቸው። በዚያ ጭቃ ሰሌናቸውን ተሸክመው ዳገቱን ወጥተዋል። እናቴ አንዱን ዘርግታ እያየች "ምነው ዘንድሮ አነሰ እማማ?" አለቻቸው።

"አንዱ ዘንባባዬ ደረቀብኝ እኮ። የባሌ ወንድም አያሌው ገደለብኝ።"

"አያሌው? እንዴት አድርጎ?"

"ለማሽላዬ ጥላ ሆነብኝ ሲል ነው የኖረው። ልቡን ቆርጦ፣ እንዳይታወቅበት ቅጠል አልብሶበታል። ሚካኤልን እኔ አይደለሁም ብሎ ማለልኝ። እንግዲህ ማን ሊሆን ነው? ከእንግዲህ አፍ ለአፍ አንነጋገርም። መሬቴን የሚያርስልኝ እሱ ነበር፤ ያም ቀረ። ይቅር!"

ከዚያ ወደኔ ዞረው "አንቺ የመንዝ ገብስ፣ ደህና ነሽ?" አሉኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ድንች የያዝኩበት ዘንቢል ከእጄ ወደቀ፤ እሱን ለመልቀም ጎንበስ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ለፍልሰታ በዓል ዋዜማ ሁላችንም እንናዘዛለን። ሌላውን ኃጢአቴን አስቀድሜ፣ ይሄንን መጨረሻ ላይ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። ያናዘዙኝ አባ ኪዳኔ ናቸው። አባታችን ሆይ ይህን ያህል ጊዜ፣ ሰላም ላንቺ ይህን ያህል ጊዜ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፦

"ንስሐሽ ጸሎት አይደለም። ሄደሽ ለሴትዮዋ በአፍሽ ንገሪያቸው። ሌላ ምንም አልሰጥሽም።"

"እሺ አባ።"

"መቼ ትሄጃለሽ?"

"ዝናቡ ሲያባራ።"

እሺ ስል የምሬን ነበር። በማግስቱ ስቆርብም የምሬን ነበር። ግን ዝናቡ አባርቶ አዲስ ዓመት ሲገባ መንገዱ ገና ጭቃ ነው አልኩ። መስቀል ሲመጣ ደመራ አለ፤ ከደመራ በኋላ አልኩ። ከደመራ በኋላ አጨዳ ደረሰ። ከዚያ ስብከተ ገና ገባ፤ መዝሙር የማስጠናው እኔ ነበርኩ፤ እንዴት ጥዬ ልሂድ? ልደት አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። በዓል አንድ ባንድ ሲመጣ በየተራው ከለላ ይሆነኛል። በየጊዜው እየተናዘዝኩ ያንን ብቻ አላነሣውም፤ ተናዝዤዋለሁ እኮ! አባ በኑዛዜ የሰሙትን ከዚያ ውጭ ሊያነሡብኝ እንደማይችሉ ጋሽ ተሰማ አስተምረውናል። "የክርስቶስ ሥጋ" ሲሉኝ ፊታቸውን ቀና ብዬ አያለሁ፤ ምንም የለም። ምነው ባፈጠጡብኝ፣ ምነው "ሄድሽ ወይ?" ባሉኝ እላለሁ። እኔው ዝም ብዬ እሳቸው እንዲጠይቁኝ እጠብቃለሁ። "አሜን" እላለሁ።

ሆሳዕና ተመልሶ መጣ። ጋሽ ተሰማ ወደኔ እያመለከቱ "ዘንድሮ ጥሩነሽ ናት የምትመራችሁ፤ ቦታውን ታውቀዋለች፣ ነጩንም የምታገኝ እሷ ናት" አሉ። አሞኛል አልኩ፤ እናቴ ግንባሬን ነካችና "ምንም የለሽም" አለች። ወረድን።

እማማ ዘነቡ ከስተዋል። ልጆቹ ወደ ምንጩ ሲወርዱ እኔን አስቀሩኝና ቂጣ አቀረቡልኝ። ከደጃፉ ያ አጭር ዛፍ ይታያል፤ ቅጠሉ ሁሉ ዝቅ ብሎ ቡናማ ሆኖ ቆሟል።

"አያሌው ሞተ፤ ሰምተሻል?" አሉኝ።

አልሰማሁም ነበር።

"ታሞ ሽማግሌ ላከብኝ። መጥታ ትየኝና ይቅር እንባባል አለ። መጀመሪያ ይመን፣ ከዚያ እመጣለሁ ብዬ መለስኳቸው። ያላረግሁትን ምን ብዬ ልመን አለ አሉ። ሳያምን ሞተ። እኔም ልቅሶው አልሄድኩም። እስቲ ምን ዓይነት ሰው ነው ሲሞት እንኳ የማያምን?"

ቂጣውን መልሼ አስቀመጥኩት። ለመናገር አስቤ አልነበረም፤ እንደወረድኩ ዘንባባዬን ቆርጬ ልመለስ ነበር ያሰብኩት።

"እማማ፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"ዛፉን። አምና ለሆሳዕና። ልቡን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እንዳይታወቅ ቅጠል ያለበስኩትም እኔ ነኝ።"

እጃቸው ላይ የነበረውን ሰሌን መሬት አስቀመጡት።

"ማን ንገሪ አለሽ?"

"ቄሳችን። ስናዘዝ።"

"መቼ?"

"በፍልሰታ።"

"በፍልሰታ" አሉ። በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "አያሌው የሞተው የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልነኩኝም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል "ተይ፣ ተነሽ። ሂጂ ቁረጪ፤ ልጆቹ ይጠብቁሻል" ብቻ አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ገለበጡት። ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው እንደ ሐዘንተኛ ለበሱና በማሽላው እርሻ መሃል ወደ አያሌው ቤት መሄድ ጀመሩ። ከሞተ አምስት ወሩ ነው።

ዘንባባችንን ተሸክመን ዳገቱን ስንጀምር ጩኸቱ ተሰማን። ስሙን እየጠሩ ነው የሚያለቅሱት፤ "ወንድሜ፣ አያሌው ወንድሜ" እያሉ። ያ ሸለቆ ድምፅ አይውጥም፤ እስከ ግማሹ ድረስ ተከተለን። ልጆቹ "ማን ሞቶ ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ወርቄ መዝሙር ልትጀምር ስትል እጇን ያዝኩት።

ለአባ ኪዳኔ ያን ዕለት ማታ ሁሉን ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ። ፈትቶኛል ብዬ አምናለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ስወርድ እማማ ዘነቡ ቂጣ ሰጥተውኛል፤ ዘንባባም ሰጥተውኛል። የመንዝ ገብስ ብለው ግን ዳግመኛ አልጠሩኝም።

ዛሬ ወደዚያ በከፊል መኪና ይወርዳል ይላሉ። እማማ ዘነቡም ካረፉ ብዙ ዓመታቸው ነው። ስለ ዛፉ ብዙም አልጨነቅም፤ ልጅ ነበርኩ፣ እንደ ባሕር ዛፍ መስሎኝ ነው። የማይለቀኝ ያ መንገድ ነው። በማለዳ ተነሥተው ለምሳ የሚደርሱበት መንገድ ነበር፤ እኔ ስምንት ወር ፈጀሁበት፤ ሰውየው ደግሞ ሦስት ወር ብቻ ነበር የቀራቸው።

አቶ አያሌውን አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም፤ መልካቸውን አላውቀውም። በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ማግስት በስማቸው አስቀድሳለሁ። ባለፈው ኅዳር አዲስ የመጡት ወጣቱ ቄስ ስሙን ሲመዘግቡ "ዘመድሽ ናቸው?" አሉኝ።

"አይደሉም አባ" አልኳቸው። "እውነቱን ተናግረው ሳይታመኑ የሞቱ ሰው ናቸው።"

በማን የተነሣ ብለው ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር መሰለኝ። አልጠየቁኝም። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።