ፊዩሪየስ እና የእትዬ ሐሊማ ወተት

ባለፈው ሳምንት ሰመራ ውስጥ፣ ማራገቢያው ትኩስ አየር በሚያማስልበት ክፍል የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም «ፊዩሪየስ» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል ዐይኔ ገባች። ክፉኛ መናደድ ማለት ናት። አንዲት ተማሪ «እናቴ በጎረቤታችን ላይ ፊዩሪየስ ሆነች» ብላ ጽፋለች። አንዳች ስህተት የለውም። እኔ ግን እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቆየሁ።

ስለዚህች ቃል የሚያስተምረኝ ሰው የለም። አሳምሬ የተጠቀምኩባት አዋሽ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቁርስ ቤት ከፍቶ ነበር። ፉሉም እንቁላሉም ደህና ነበሩ፤ ሾፌሮች የሚቆሙት ግን ለግመል ወተቱ ነው። ጭስ ጭስ የሚለውን ያን ወተት ከአዋሽ አርባ በኩል በየማለዳው የሚያመጡልን እትዬ ሐሊማ የተባሉ አፋር ሴት ነበሩ።

መምህራችን ቃሏን ከቤታችን ኑሮ በተወሰደ ዓረፍተ ነገር እንድናሳየው አዘዘ። አባቴ ደግሞ ቁጣ የማያውቅ ሰው። ምን ላድርግ፣ ፈጠርኩ፤ «እትዬ ሐሊማ ወተቱ ላይ ውሃ ስለጨመሩ አባቴ ፊዩሪየስ ሆነ።» መምህሩ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረገኝ፤ ላልገባቸውም በአማርኛ ተረጎመው። ተጨበጨበልኝ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ከኋላዬ የሚቀመጠውን ሁመድን፣ የእትዬ ሐሊማን የእህት ልጅ፣ ጨርሶ ረስቼዋለሁ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይጠያየቃል፤ የሰማውን ሳይቀንስ፣ ሳይጨምር ይነግራል። ሁመድም ለጠየቀው ሁሉ ነገረ።

በማግስቱ ወተት አልመጣም። በሦስተኛው ቀን እትዬ ሐሊማ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ወተቴ ውሃ ነው አልክ?» አሉት አባቴን። «አምስት ሰው ነገረኝ። ከእንግዲህ ማን ይገዛኛል?»

«ወላሂ አላልኩም፣ እትዬ ሐሊማ።»

«ልጅህ ናት ያለችው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እውነት አይደለም» አልኩ። ፊቱ ሲጠቁር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «የሰው ስም ነው መለማመጃሽ?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

እትዬ ሐሊማ ዱላም ይቅርታም አልፈለጉም። «ወሬው በሄደበት መንገድ እሷም ትሂድ» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ተከትያቸው ወጣሁ። ገና በማለዳው አሸዋው ይፋጃል። ላገኘነው ሰው ሁሉ፣ በየግራሩ ጥላ፣ ውሸቴን በገዛ አፌ አፈረስኩ። አንድ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን አቁመው በጥሞና ሰሙኝና፣ «ታዲያ አባትሽ አልተቆጣም?» አሉኝ።

«በእሳቸው ላይ አልተቆጣም» አልኩ። ከዳጉ አይቀነስምና ቀጠልኩ፤ «በእኔ ላይ ግን ተቆጥቷል።»

እትዬ ሐሊማ ይሄኔ ሳቁ። እሑድ ማለዳ ወተቱ መጣ።

ሰመራ ላይ ይህ ሁሉ ትዝ ብሎኝ ያቺን ተማሪዬን ጠራኋት። «እናትሽ እውነት ተቆጥታ ነው?»

«ኧረ አይደለም ቲቸር፣ ለምሳሌ ነው።»

«ጎረቤታችሁስ ቢሰሙ?»

አሰበችና ደብተሯን ይዛ ሄደች። ስትመልሰው ከዓረፍተ ነገሩ እናቷና ጎረቤትየዋ ወጥተው እኔ ገብቻለሁ፤ «ቲቸሬ በእኔ ላይ ፊዩሪየስ ሆነች» ይላል። ውሸት ነው፤ እንዲያውም ሳቄ መጥቶ ነበር። ግን የራሴ ስም ስለሆነ ፈቀድኩላት፤ ትክክል ብዬ አረምኩ።