የአሥር ቀን ፈቃድ

ሶፋ ሠሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ችኮ» ነበር የሚሏት። አንዴ ችክ ካለች የሚነቀንቃት የለም። ያረጀ ወንበር ሲመጣላት ጨርቁን ገሽልጣ፣ የዛገውን ስፕሪንግ ነቃቅላ፣ እንጨቱ ብቻ እስኪቀር ታራቁተዋለች፤ ከዚያ እንደ አዲስ ትሠራዋለች። ደንበኛ «ላዩን ብቻ ሸፈን አድርጊልኝ» ካላት፣ «ታዲያ ለምን አንሶላ አታለብሰውም?» ብላ ትሸኘዋለች።

ሌላ አገር ያለ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሊቀጥራት ተስማማና የሥራ ፈቃዱ መጣላት። ለነበረችበት ወርክሾፕ መልቀቂያ ባስገባችበት ሳምንት ታላቅ እህቷ ደወለች። እህቷ የምትኖረው በሦስተኛ አገር ነው፤ ከተያዩ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸዋል።

«ዓይኔ እየከዳኝ ነው» አለቻት። «ቀኙ ከጠፋ ቆየ፤ አልነገርኩሽም። ግራውን ደግሞ ሐኪሙ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከቆየልሽ ጥሩ ነው ብሎኛል።»

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም አልሽኝ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነዋ፣ እቴ።»

«ሳይጠፋ እመጣለሁ።»

«አገር እየቀየርሽ? መጀመሪያ ተረጋጊ እስቲ።»

«እመጣለሁ አልኩሽ!»

ዕድሜውን በጽሕፈት ቤት የጨረሰው አጎቷ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «አዲሱ ሥራሽ ጋ ከሄድሽ በኋላ ለቪዛው ከዚያው አመልክቺ» አላት። «አሁን እኮ አንድ እግርሽ አየር ላይ ነው።»

ጊዜው ያልቅብኛል ብላ ፈራችና አልሰማችውም። የጉብኝት ቪዛውን ፎርም ሞላች። «የአሁን ሥራ» የሚለው ላይ ስትደርስ ብዙ አሰበችና እውነቱን ጻፈች፦ ለቅቄያለሁ፤ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ አገር ሥራ እጀምራለሁ።

አጎቷ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ልጄ፣ እውነት ነው። ግን የሚያስከለክል እውነት ነው።»

«ታዲያ ልዋሽ?»

«እሱስ ከአፌ አልወጣም።»

በሦስተኛው ሳምንት ከኤምባሲው የክልከላ ደብዳቤ መጣ፦ ጉብኝትዎን ጨርሰው እንደሚመለሱ አላረጋገጡም። ኩሽና ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና ድምጿ እንዳይሰማ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣችና ሻንጣዋን መሸከፍ ጀመረች።

አዲሱ ፋብሪካ የማስቲሽ ሽታውና የማሽን ጩኸቱ ራስ የሚያዞር ነበር። ሌሎቹ አዲስ ገቢዎች ምሳ የት እንደሚበላ ሲጠይቁ፣ እሷ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ የት እንደሚወጣ ጠየቀች። ያለ እሱ ለቪዛ ማመልከት የማትችለው ካርድ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። በየሐሙሱ በምሳ ሰዓቷ እየሮጠች መስኮቱ ላይ ትቆማለች፤ ሠራተኛው ገና ከሩቅ ሲያያት በእጁ «አልደረሰም» ይላታል። በመካከሉ እህቷ ስልክ ላይ፣ «ዛሬ የአውቶቡሱን ቁጥር ማንበብ አቃተኝ» አለቻት።

ካርዱ ሲገኝ የቀረው፣ አለቃዋ ፈቃድ እንደሰጣትና ወደ ሥራዋ እንደምትመለስ የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ሰውዬው ገና ሳትጨርስ ነው ያቋረጣት።

«የሙከራ ጊዜሽን ሳትጨርሺ ፈቃድ? ከዚህ በፊት ለሁለት ሰዎች ፈርሜ ሁለቱም በዚያው ቀሩ።»

«ስለ እነሱ አላውቅም። እኔ እመለሳለሁ።»

አለቃው ለቴአትር ቤት የታዘዙትን ወንበሮች አሳያት። «ድርሻሽን ከነጥራቱ ጨርሺና እንነጋገራለን።»

አውራ ጣቷ ተሰንጥቆ በፕላስተር እየጠቀለለች ከቀነ ገደቡ አራት ቀን ቀድማ ጨረሰች። አለቃው በየወንበሩ እየተቀመጠ፣ ስፌቱን በጥፍሩ እየሳበ አንድ በአንድ ፈተሸ። ምንም አላገኘም። ቢሮው ገብቶ ፈረመላት።

እንደገና አመልክታ ለቪዛው ቃለ መጠይቅ ስትሄድ የድሮውን የክልከላ ደብዳቤ ከወረቀቶቿ ሁሉ በላይ አደረገችው። አብራት የምትኖረው ሴት «አብደሻል እንዴ? ደብቂው!» ብላት ነበር። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ወጣት ኃላፊ መጀመሪያ ያነሳችው እሱኑ ነው።

«ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ?»

«ያኔ የምመለስበት ሥራ አልነበረኝም፤ እውነታቸውን ነበር። አሁን መኖሪያም ሥራም አለኝ።»

«እህትዎ ዓይናቸው ከጠፋ ሰው ያስፈልጋቸዋል። እዚያው መቅረት አይሻልዎትም?»

ይህን አልጠበቀችም።

«ልቤ ቅሪ ይለኛል» አለች በመጨረሻ። «ግን ብቀር ተደብቄ ነው የምኖረው። የተደበቀ ሰው ደግሞ እጇን ይዞ ሆስፒታል ሊወስዳት አይችልም። እኔ በየዓመቱ በፊት በር መግባት ነው የምፈልገው።»

ኃላፊዋ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ጽሑፏ ተመለሰች።

በስምንተኛው ቀን ፓስፖርቷ መጣ፤ ለአሥር ቀን ተፈቅዶላታል።

አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ እህቷ አገጯን ያዘችና ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። በግራ ዓይኗ ጠርዝ ለማየት አንገቷን አጣመመች።

«አትንቀሳቀሺ! ውይ፣ ሽበት አውጥተሻል!»

«አንቺስ?»

«የእኔ አይታየኝም፤ ስለዚህ የለኝም።»

እየሳቁም እያለቀሱም ተቃቀፉ። ከተማውን ሊጎበኙ አልሄዱም። አሥሩንም ቀን ከቤት እስከ ፌርማታ፣ ከፌርማታ እስከ ሐኪሙ ክፍል ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተመላለሱ፤ ታላቂቱ መንገዱን በእግሯ እስክትለምደው ድረስ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሶፋ ሠሪዋ ፋብሪካው በር ላይ ነበረች። አለቃዋ ሰዓቱን አየና አሳለፋት።

ግራው ዓይን ከአምስት ወር በኋላ ጠፋ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህም ሦስት ጊዜ አመልክታ ሦስቴም ሄዳለች። ዘንድሮ ፎርሙ ተቀይሯል፣ ገጾቹም በዝተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛዋን ጠረገችና ከመጀመሪያው ገጽ መሙላት ጀመረች።