ሬሳ የማይልከው ማኅበር

አፈ ጉባኤ የሚሉት ሹመት ኖሮት አይደለም። ሥራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ማጠብ ነው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ከማጠቢያው እየጎተተ በጋሪ ይጭናል፣ ወደ ማድረቂያው ይገፋል፣ በትኩሱ መተኮሻ ማሽን ያሳልፋል። የማሽኑ ጩኸት ከሰው አያነጋግርም። ሳምንቱን ሙሉ ያመቀውን ንግግር ይዞ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኅበር ይመጣል፤ እዚያ አፉን ከከፈተ የሚዘጋው የለም።

ማኅበሩን ያቋቋሙት በስደት ያሉ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። ከጎማ ጥገና ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል፤ የላስቲክ ሽታው በወለሉ ይወጣል፣ ወንበሮቹ ሲቀመጡባቸው ይንቋቋሉ። ለብዙ ዓመት ማኅበሩ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ አባል ሲሞት አስከሬኑን ለቤተሰቡ መላክ። ሰው በሰው አገር ወድቆ እንዳይቀር እየተባለ ያለውም የሌለውም ያዋጣ ነበር።

ይህን ያስቀረው አፈ ጉባኤ ነው። አንድ እሑድ ተነሥቶ፣ «ጎበዝ፣ እስከ መቼ ነው ለአየር መንገድ የምንገብረው?» አለ። «አንድ ሬሳ በምንሸኝበት ገንዘብ ከምንጩ እስከ መንደራችን ቧንቧ መዘርጋት ይጀመራል። የሞተ ሰው ውኃ አይጠማውም። ወገባቸው የጎበጠው በሕይወት ያሉት እናቶቻችን ናቸው። ከእንግዲህ የሞተ እዚሁ ይቀበር።»

አንዳንዱ ጉድ አለ፣ አንዳንዱ አለቀሰ፣ በመጨረሻ ግን ሁሉም እጁን አወጣ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሰውየው ልክ ነበር። መንግሥት ስንት ዘመን ቃል ሲገባበት የኖረውን ቧንቧ አንሶላ አጣቢና ዘበኛ ተሰባስቦ ዘረጋው። በተቅማጥ የሚሞተው ሕፃን ቁጥር ቀነሰ። ማኅበሩ የልብ ልብ ተሰማውና ለጎረቤት መንደር ደግሞ ማጠራቀም ጀመረ።

ከውሳኔው በኋላ መጀመሪያ የሞተችው የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ናት። ፀጉር አስተካካዩ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። እጁን አውጥቶ ነበርና ቃሉን አላጠፈም፤ ከከተማው ዳር፣ በቁጥር ብቻ በሚታወቅ መቃብር ቀበራት። አፈ ጉባኤ በቀብሯ ላይ ረጅም ንግግር አደረገ። የተናገረው ስለ ውኃ ነበር። የሟቿን ደግነት አንድ ቃል አላነሣም፤ ማንም ግን አልተቆጣውም።

ከዚያ የአፈ ጉባኤ ታናሽ ወንድም ሞተ። እሱ ራሱ አስመጥቶት አንዲት ክፍል ውስጥ አብሮት የሚኖር ልጅ ነበር። በሞተር ብስክሌት ምግብ ሲያደርስ መኪና ገጭቶት እዚያው ቀረ። አፈ ጉባኤ ለእናታቸው ሲደውል ሰው አስቀድሞ አርድቷት ነበር።

«ልጄን አምጣልኝ» አለችው። «ሌላ ምንም አልጠይቅህም። አምጣልኝ።»

«እሺ እማዬ» አላት። ምን ይበላት?

በዚያ እሑድ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ሕፃናት ማቆያ የምትሠራው የማኅበሩ ጸሐፊ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ተነጋግረናል» አለች። «ይቺን አንዴ ለአንተ ስንል እንለፋት። ልጁ ለእናቱ ይሂድ፣ የጎረቤቱ መንደር ቧንቧ ትንሽ ይቆይ።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አፈ ጉባኤ ደስ አለው፤ ደስታው ራሱንም አስቀየመው፣ ቢሆንም ደስ አለው። ምስጋናውን ሊናገር ብድግ ሲል ዓይኑ ፀጉር አስተካካዩ ላይ አረፈ። እሱም እንደ ሌሎቹ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ቂም የለበትም፤ ከልቡ ነው። ዕንባው ግን እየወረደ ነበር፣ እሱም አልጠረገውም።

«አይሆንም» አለ አፈ ጉባኤ።

«እናትህስ?» አለችው ጸሐፊዋ።

«አይሆንም አልኩሽ።» ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረ። «ጋሼ፣ እሷ አጠገብ ቦታ ይኖራል?»

«አለ» አለ ሰውየው። «ለራሴ ያስያዝኩት ነው፤ ይውሰደው።»

በቀብሩ ላይ አፈ ጉባኤ ንግግር አላደረገም። ማታውን ለእናቱ ደውሎ ሁሉንም ነገራት። አላለቀሰችም፣ አልረገመችውም። «ለውኃው ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ለውኃው ነው እማዬ» ሲላት ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ሲደውል የምታነሣው እህቱ ሆነች።

የጎረቤቱ መንደር ቧንቧ ተመርቆ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ቪዲዮውን በሚቀባበልበት ሰሞን፣ ጨክኖ እህቱን ጠየቃት። «እማዬ እንዴት ናት?»

«ጀሪካን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች» አለችው። «ቧንቧው ደጃችን ላይ ነው፣ በአጠገቡ ነው የምታልፈው። በዚህ ጉልበቷ ብዬ እኔ የቀዳሁትን ሰጠኋት፤ ደፋችው።»

«ምን ብላ?»



«ልጄን አልጠጣም ብላ።»