ከብረቱ ላይ ያጠብኩት ጭቃ

ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን ተናግሬያለሁ። ሰው ማማቴን፣ ከወንድሜ ጋር መኳረፌን፣ አንድ ጊዜም ጠጥቼ መንገደኛ መሳደቤን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ይህን ግን በየዓመቱ እዘለዋለሁ። አፌ ላይ ይደርስና «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሚስቴም አታውቀውም። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ፤ ስለማታውቁኝ ቢቀለኝ ብዬ ነው።

ብረቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

የኛ ወንዝ ከመካነ ሰላም ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ቁልቁል ተወርዶ ነው የሚገኘው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳና ቀስ እያለ ማሳውንም ቤቱንም ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ ወንዙ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ልጅ ሳለሁ ያ ድምፅ ከሰማይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አሁንም አንዳንዴ ይመስለኛል።

የጎርፍ ኢንሹራንስ የሚባለው ነገር ወደኛ ሲመጣ ወንዙ ዳር አንድ ረጅም ብረት ተከሉ። ነጭና ጥቁር ተቀብቶ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ቀይ መስመር አለው። ውሉ ቀላል ነው። ወንዙ ሞልቶ ቀዩን መስመር ካለፈ የተመዘገበ ገበሬ ሁሉ ካሳ ያገኛል፤ ካላለፈ የለም። ማሳ ለማሳ እየዞረ ጉዳት የሚያይ የለም፤ የሚታመነው ብረቱ ነው። ብረቱን ጠዋትና ማታ የሚያነብ ሰው ሲፈልጉ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ እኔ ተገኘሁ። ደብተርና የዝናብ ልብስ ሰጡኝ። ወይ ኩራት! ያን የዝናብ ልብስ በፀሐይም እለብሰው ነበር።

ገበሬው መጀመሪያ ነገሩ አልተዋጠለትም፤ በተለይ እትዬ ሐዋ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው ከአንዲት ልጃቸው ጋር የቀሩ። ያለቻቸው መሬት ከብረቱ ፊት ለፊት ያለችው የወንዝ ዳር ማሳ ብቻ ነበረች። ልጃቸው ዘሐራ መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ የምትማረው በዚያች ማሳ ነው።

«ወንዙን ማን ያይልኛል?» አሉኝ።

«እኔ አያለሁ።»

«አንተ ካየኸውማ በቃ» አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። ጣታቸውን ይዤ ወረቀቱ ላይ የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ወንዙ ዳር ኔትወርክ የለም። ቁጥሩን ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ለመላክ ዳገቱን አንድ ሰዓት መውጣት አለብኝ፣ ያውም በቀን ሁለቴ። መጀመሪያ ሰሞን ወጣሁ። በኋላ ሰነፍኩ። የማታውን ከጠዋቱ ጋር አንድ ላይ መላክ ጀመርኩ። ከወንዙ ጋር አብሬ ነው ያደግሁት፣ ምን ያህል እንደሚሞላ አጥቼው ነው? እል ነበር። ማንም አልነቃብኝም። ከዚያ የነገውን ዛሬ መላክ ለመድኩ፤ ቢሮው ቁጥሩን እንጂ የተላከበትን ቀን አያይም። ገና ያልወረደ ውሃ ለክቼ እጽፍ ነበር እላችኋለሁ።

በዚያ ነሐሴ የእንግሊዝ ኳስ ተጀመረ። አዎ፣ ኳስ! በሽተኛ ላስታምም ወይ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ግን ኳስ ነው። ዳገቱ ላይ ቁጭ ብዬ የሦስት ቀን ቁጥር ፈጥሬ ላክሁና መካነ ሰላም ገባሁ። ቡድኔ አሸነፈ። ጮህኩ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ተቃቀፍኩ። ወንዙ የሞላው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ እኔ አልተነሳሁም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ዝናቡ አባርቷል፣ ወንዙም ወደ ቦታው ገብቷል፤ አገሩ ሁሉ ጸጥ ብሏል። የእትዬ ሐዋ በቆሎ የለም። አፈሩም የለም። ታጥቦ የነጣ ድንጋይ ብቻ። ብረቱን ቀና ብዬ አየሁት። ጭቃው ከቀዩ መስመር በአንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ሣርና ቅጠል ተጣብቆበት፣ ገና እርጥብ ነው።

እኔ የላክሁት ቁጥር ከጉልበት አይበልጥም። እውነቱን ብናገር ወንዙን ሳላየው መጻፌ ሊታወቅ ነው። ምን አሰብኩ? ምንም አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። የዝናብ ልብሴን አሰብኩ። እሱን እንዳልገፈፍ አሰብኩ። ውሃው ውስጥ ገባሁ፣ ድንጋይ ደርድሬ ላዩ ላይ ቆምኩ፣ ሣር ነቅዬ ብረቱን አጠብኩት። ከላይ ወደ ታች አጠብኩት። ጉሙ እየሸፈነኝ ነበር፤ ደስ አለኝ። በጉሙ መሃል እትዬ ሐዋ ማሳቸው የነበረው ድንጋይ ላይ ቆመው አየሁ። ምን እንደማደርግ አልታያቸውም። እጃቸውን ብቻ አነሱልኝ፣ ሰላም ሲሉኝ። እኔም ጭቃ የያዘ እጄን አነሳሁላቸው።

ገበሬው አቤት አለና ከቢሮ ሰው መጣ። ብረቱን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ንጹሕ ነው። ወንዙ ቀዩን አልፎ እንደሆነ ጠየቀኝ። «አልደረሰም» አልኩ። አንድ ቃል ናት። «እንግዲያው ከተራራው የወረደ ጎርፍ ነው፣ ውሉ ደግሞ ስለ ወንዙ ነው» ብሎ ሄደ።

ሽማግሎቹ ግን አላረፉም፤ አውጫጭኝ ጠሩ። ሀገሬው ይሰበሰባል፣ ያየ ሁሉ በየተራው ተነስቶ ያየውን ይናገራል። ዱዓ ተደረገ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አልን። እኔም አሚን ብያለሁ፣ ልብ በሉ። ተራዬ ሲደርስ ከዳገቱ ሥር ሆኜ ሳየው ነበር አልኩ፤ በዚያ ጉም ማን የት እንደነበር ማን ያውቃል? ሌላው ሰው ሕይወቱን ሊያተርፍ ሲሮጥ ብረቱን አላየም። ያዩት እትዬ ሐዋ ብቻ ናቸው። ተነሱ።

«ውሃው ቀዩን ሲውጠው አይቻለሁ» አሉ።

ዞር ብለው አዩኝ።

«ግን ያን ለት ደንግጫለሁ። ዐይኔም አርጅቷል። ይኼ ልጅ ቁጥር ያውቃል፤ አልደረሰም ካለ አልደረሰም። በጥርጣሬ የሰው ልጅ አላስወነጅልም» ብለው ተቀመጡ።

ስንበተን አጠገቤ መጥተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «አብሽር አያሌው፣ አንተ ምን ታደርግ!» አሉኝ።

መሬታቸውን ውሃ ወሰደው፤ ካሳቸውን እኔ። ያም ሆኖ የሚያንገበግበኝ ዐይናቸው ነው። በጠራ ዐይናቸው ያዩትን እንዳላዩ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ከዚህ የባሰ ስርቆት አለ?

ዘሐራ ትምህርቷን ተወች። በዓመቱ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ሻንጣዋን እስከ መካነ ሰላም የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ከሚኒባሱ መስኮት ብቅ ብላ «እማዬን አደራ» አለችኝ። «አብሽሪ» አልኳት። ያን አፍ ከየት አመጣሁት?

አሁንም ብረቱን የማነበው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሳላየው ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ግን እንደ ካሳ አትቁጠሩልኝ። ቀን ቀን ዳገቱ ላይ አረፍ ስል እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። ብረቱን አጥባለሁ፤ ጭቃው ተመልሶ ይወጣል። እንደገና አጥባለሁ። ወንዙ ድምፅ የለውም። እትዬ ሐዋ ጉሙ ውስጥ ቆመው «የት ደረሰ?» ይሉኛል፤ አፌ አይከፈትም።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ሐዋ ከዘሐራ ጋር ለማውራት እዚያው ዳገት ድረስ እያረፉ ወጡ። ደወልኩላቸው። «እማዬ፣ ወንዙ እንዴት ነው?» ስትል ይሰማኛል። እትዬ ሐዋ ቁልቁል አዩ። ጉም አልነበረም፤ ወንዙ ወለል ብሎ ይታያል። «የሞላ ይመስለኛል፤ ግን የኔን ዐይን ተይው፣ አያሌው ይንገርሽ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

የዚያን ነሐሴ ገጽ ከደብተሬ አወጣሁት። ቁጥሩን ሰርዤ «ቀዩን መስመር በአንድ ክንድ አልፏል» ብዬ ጻፍኩበት። ዓርብ ሽማግሎቹ ይሰበሰባሉ፤ ይዤው እቆማለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ወደ እሳቸው ዞሬ «እትዬ ሐዋ፣ ዐይንዎ ልክ ነበር» እላለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልልም። አውቃቸዋለሁ፤ ትከሻዬን ነካ አድርገው አብሽር ይሉኛል።

እናንተ ግን አትበሉኝ።