ያዞርኩት ዳዶ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ከፒያሳ አንድ ጨዋታ ገዝታ መጣች። ስድስት የላስቲክ ዳዶዎች ናቸው፤ በየዳዶው ስድስት ፊት ላይ ፊደል ታትሟል። ጥለህ በወጣልህ ፊደል ቃል ትሠራለህ። «አዲስ ነገር ነው አባባ፣ አስተምርዎታለሁ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ይህን ጨዋታ የተውኩት በጣልያን ጊዜ ነው።

ያኔ ቤታችን ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዕድሜዬም አሥራ ስድስት። አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ወደ ወገራ ከወጣ ሁለተኛው ክረምት ሲሆን፣ ቤት የቀረነው እኔና እናቴ ነን። የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ኑሩ እኩያዬ ነው። ከአባቱ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የጣልያን ወታደሮች ዳዶ ሲጥሉ ሲያይ ይውልና ያየውን መጥቶ ይነግረኛል። እነሱ ነጠብጣብ ነው የሚቆጥሩት። እኛ ግን ከወይራ እንጨት ስድስት ጠረብንና፣ እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ቀለሜን አምጥቼ በየፊታቸው ፊደል ጻፍኩ። ሕጋችን ቀላል ነበር። የጻፍነው ግዕዙን ብቻ ስለሆነ፣ «መ» ቢወጣልህ «ሙ» ወይም «ሞ» ብለህ ማንበብ ትችላለህ። ኑሩ ፊደል የቆጠረው በዚሁ ጨዋታ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ይበልጠኝ ጀመር። እልኸኛ ነበርኩና ነገሩ እስካሁን ያናድደኛል።

እናቴ ፊደል አታውቅም። በዚያ ሐምሌ፣ ዝናቡ አላስወጣ ሲለን፣ እኛ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ስንጫወት እሷ ከጥግ ሆና እየፈተለች ታየናለች። ከአባቴ ወሬ ከጠፋ ቆይቶ ነበር፤ እህልም እንደ ነገሩ ነው የምትቀምሰው። አንድ ሰንበት እንዝርቷን አስቀምጣ ተጠጋችን።

«እስቲ ለአባትህ ጣልለት» አለችኝ።

ጨዋታ እኮ ነው ልላት ይገባኝ ነበር። ፊቷን ሳይ አልቻልኩም። ጣልኩ፤ የሚረባ ነገር አልወጣም። እሷ ዓይኗን ጨፍና ስታማትብ፣ ከ«አ» አጠገብ ያለውን ዳዶ በአውራ ጣቴ ገለበጥኩት። «ለ» ሆነ። ኑሩ አይቶኛል፤ ቆሎውን መቆርጠሙን ቀጠለ።

«ምን ይላል?»

«አለ ይላል፣ እማ። አለ።»

እልል ልትል ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ በኋላ በየሰንበቱ ታስጥለኝ ጀመር፤ እኔም በየሰንበቱ አዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ መብላት ጀምራለች፤ ጸጉሯንም ተሠርታለች።

መስከረም እንደገባ አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ፣ ከአባቴ ጋር የዘመቱ የወገራ ሰው፣ እሸት ሻጭ መስለው መጡ። ሸክማቸውን አወረዱ፣ ውሃ ለምነው ጠጡ፣ ከዚያ መርዶውን ተናገሩ። አባቴ በፍልሰታ ፍቺ ሰሞን ተመትቶ ሞቷል።

«ቄስ አላገኘንም። ያለ ፍትሐት ነው አፈር ያለበስነው። እመት ጥሩነሽ፣ አርባው ሳይወጣ ያስፈቱት።»

«ምነው አያ ቢያድግልኝ፣ ምን ነካህ?» አለች እናቴ ፈገግ ብላ። «ባሌ አለ። ልጄ ባለፈው ሰንበት አንብቦልኛል።»

ሰውየው እኔን አዩኝ። እኔ እሸቱን አየሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። አርባው ሊወጣ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው፤ እናቴ ደግሞ የቄስ ስም ሲነሳ ትቆጣለች። አባቴ በእኔ አውራ ጣት የተነሳ ያለ ጸሎት ሊቀር ነው እያልኩ እህል አልወርድልህ አለኝ። በሦስተኛው ቀን እግሯ ላይ ወደቅኩ።

«እማ፣ ዳዶውን የማዞረው እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እኔ ነኝ።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ተነስታ ኑሩን በአጥሩ በኩል ጠራችው፤ ዳዶዎቹንም እጄ ላይ አደረገች።

«ጣል። ከዚያ እጅህን ወደ ኋላ። የሚያነብልኝ ኑሩ ነው፤ አንተ አታነብልኝም።»

ይህ ከዱላ ይብስ ነበር።

ጣልኩና እጆቼን ከጀርባዬ አጣመርኩ። «መ» እና «ተ» ጎን ለጎን ወድቀዋል። በሕጋችን «ሞተ» ነው። ኑሩም አይቶታል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ምንም አይል፣ እማማ» አለ ኑሩ። «እንጨት ነው እኮ።»

እናቴ ስድስቱንም ለቅማ ምድጃው ውስጥ ጨመረቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ተቀመጠች። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ለአርበኛ ጮኾ ማልቀስ ስለማይቻል ያለ ድምፅ። ፍትሐቱ አርባው ሳይወጣ ደረሰ። ቄሱ በክርስትና ስሙ ብቻ ጠሩት፤ ያን ስም ከቤተሰብ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ኑሩ ከልቡ ወዳጄ ሆኖ ኖረ፤ ልጆቻችንን ዳርን፣ አረጀን። ስለዚያች ቀን ግን አንድም ጊዜ አላነሳሁለትም። ዘንድሮ አምስት ዓመቱ ነው ከሞተ። ሳላመሰግነው መቅረቴ ይቆጨኛል።

«አባባ፣ ተራዎ ነው» አለች የልጅ ልጄ።

ጣልኩ። ልጅቱ ሳቀች።

«ምነው እጅዎን ወደ ኋላ አደረጉት?»

«አንቺ አንብቢልኝ» አልኳት።